አባቴ ጓንዡን ያየ ጊዜ

የመጋረጃ ጣቃ የተጠቀለለበት ላስቲክ በምላጭ ሲቀደድ የሚወጣ ሽታ አለ። ሙጫ ሙጫ ይላል፤ ትንሽ ላምባ ይነካካዋል፤ ከሥሩ ደግሞ ፀሐይ ያላገኘ ልብስ እርጥበት አለው። ሱቃችን ውስጥ የሚሠሩት አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኔ ዛሬ ጠዋትም እንደ ልማዴ ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። አንዲት ደንበኛ ቆማ ታየኝ ኖሯል፣ "እትዬ፣ ምን እየሆኑ ነው?" አለችኝ። "ጥራቱን እያየሁ ነው" አልኳት። ውሸቴን ነው፤ የጨርቅ ጥራት በእጅ እንጂ በአፍንጫ አይታወቅም። የማሸተው ጓንዡን ነው።

ጓንዡ የቻይና ከተማ ናት፤ መርካቶ ውስጥ ግን እንደ ሩቅ አገር አትቆጠርም። "እገሌ የት ሄደ?" ተብሎ ሲጠየቅ "ጓንዡ" የሚባለው፣ "ሶማሌ ተራ ደርሶ ይመጣል" በሚባልበት ድምፅ ነው። ለዓመታት የተመላለሱ ነጋዴዎች አሉ። ከሆቴል ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ካርጎ፣ ከካርጎ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ። ስለ ዕቃው ጠይቋቸው፣ አፋቸው አይደርቅም። ከተማው ምን ይመስላል ብትሏቸው ግን "ፎቅ ነው፤ በቃ ፎቅ" ይሏችኋል። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ አየው። እኔም አብሬው ነበርኩ።

ያኔ ያላወቅሁትን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ይሻላል። የአባቴ ዓይን እየጠፋ ነበር። ቀኙ ጨርሶ ሄዷል፤ ግራው ደግሞ ከዳር ከዳር እየጠበበ መጥቶ መሐሉ ብቻ ቀርቶታል። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው ብሎታል። ጠብታው ነገሩን ያዘገየው ይሆናል እንጂ የሄደውን አይመልስም፤ አንድ ቀን ሁሉም ነገር ጭጋግ ይሆንብሃል፣ ለዚያ ተዘጋጅ ብሎታል። አባቴ ይህን ለእናቴም፣ ለታናሽ ወንድሙም፣ ለእኔም አልተናገረም። ጠብታዋን ኮቱ ኪስ ውስጥ ደብቆ ይዞራት ነበር። መርካቶ ዓይኑ የደከመ ነጋዴን ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። ክፉ አያደርጉበትም፤ ያዝኑለታል። አባቴ ደግሞ ከሚያዝኑለት ቢሰርቁት ይመርጣል።

ማንም ያልነቃበት የመጋረጃ ነጋዴ ስለሆነ ነው። ድሮም፣ ዓይኑ ደህና በነበረ ጊዜ፣ ጨርቅ የሚያውቀው በጣቱ ነበር። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል አሸት አሸት ያደርገዋል፤ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ "ይሄ አንዴ ከታጠበ ያልቅለታል" ይላል፤ እውነትም ያልቅለታል። ስለዚህ ማየት ሲያቅተው ልዩነቱ ለማንም አልታየም።

ቻይና የሚመላለሰው አጎቴ ነበር። እኔ ከኮሌጅ ተመርቄ ሥራ ባጣሁበት ዓመት፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ አባቴ "ዘንድሮ እኔ ራሴ እሄዳለሁ" አለ።

አጎቴ ሳቀ። "ጋሼ፣ አንተ ደሴ ስትሄድ እንኳ መኪናው ያዞርሃል።"

"ልጅቷን ይዣት እሄዳለሁ። ያ ሁሉ የተከፈለበት እንግሊዝኛ እቤት ተቀምጦ ከሚዝግ።"

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ኧረ በአላህ! ዕድሜ ልክህን ያልሄድከውን ሰውዬ፣ አሁን ምን ታይቶህ ነው?"

አባቴ ምሳውን ቀጠለ። ነገሩ የተገለጠልን ሻንጣ ስናዘጋጅ ነው፤ ያውም ግማሹ ብቻ። ጓንዡ ውስጥ የአንድ ሶሃባ መቃብር አለ ይባላል፤ ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ፣ ከሐበሻ ምድር በመርከብ ተሻግሮ እዚያ የደረሰ። አባቴ ይህን መስጊድ ውስጥ ሰምቶ ከልቡ አላወጣውም። የወሎ ሰው ደግሞ ዚያራ ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም፤ እሱ ባደገበት አገር ለመቃብሩ የሚለበስ ጨርቅ ይወሰዳል። ከሱቃችን ምርጡን አረንጓዴ ከፋይ ቆርጦ አመጣ። እናቴ ዳር ዳሩን ዘምዝማ ወርቃማ ዘርፍ ሰፋችበት።

ከፋዩን ሳጥፈው ጫፉ ላይ የቻይንኛ ጽሑፍ አየሁ።

"አባ፣ ይሄ እኮ ከዚያው ከጓንዡ የመጣ ነው።"

"አውቃለሁ። ቀረጥ ተከፍሎበት መጥቶ፣ እዚህ ተቆርጦ፣ እናትሽ ዘምዝማው፣ አሁን የኛ ነው።"

ጓንዡ አውሮፕላን ጣቢያ ስንደርስ አንድ ወጣት ፈታሽ ሻንጣውን ከፍቶ ከፋዩን ዘረጋው። ጽሑፉን አነበበ፤ እኛን አየን፤ መልሶ ጽሑፉን አነበበ። የዓለም ነጋዴ ሁሉ ከዚያ ከተማ ጨርቅ ጭኖ ሲወጣ፣ ሁለት ሐበሾች የራሱን ጨርቅ መልሰው ሊያስገቡበት መጡ። በጥንቃቄ አጥፎ መለሰልን። አባቴ በአማርኛ "እግዜር ይስጥልኝ" አለው።

ወቅቱ እዚያ አገር የጸደይ መጀመሪያ ነው፤ አየሩ ሁሉ እርጥበት ነበር። የሆቴላችን ግድግዳ ያልበዋል ብል ታምኑኛላችሁ? ወለሉ ያዳልጣል፤ አንሶላው እርጥብ ነው፤ ታጥቦ የተሰጣ ካልሲ ለሁለት ቀን አይደርቅም። ሆቴሉ አፍሪካውያን የሚበዙበት ሰፈር ውስጥ ነበር። ደረጃው ላይ ፈረንሳይኛ፣ ዐረብኛ፣ ሌላ ሌላም ይሰማል፤ የመርካቶ አማርኛም አለ፣ ስልክ ላይ የሚጮህ። ጠዋት ጠዋት ነጭ ቆብ ያደረጉ ቻይናዎች ቤት እንበላለን። ሰውዬው ሊጡን በሁለት እጁ እያወናጨፈ ክር ያደርገዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ሲመታው ጧ ይላል። አባቴ "አሰላሙ አለይኩም" ሲለው "ወአለይኩሙ ሰላም" የሚል ድምፅ ከእንፋሎቱ ውስጥ ሲመለስለት፣ እንደ ዘመድ ቤት ተደላድሎ ይቀመጥ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ወደ ጨርቅ ገበያው ልወስደው ተዘጋጅቼ ቀረብኩ።

"ጨርቁ የትም አይሄድም" አለኝ። "ከተማውን አሳዪኝ።"

ይህን ያለው በበዓል ማግስት እንኳ ሱቁን ቀድሞ የሚከፍት ሰው ነው። ሊቀልድ መስሎኝ ነበር። ወዲያው ከኪሱ የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ፤ ሰው ጠይቆ የሚታየውን አስጽፏል። ሳላስበው አስጎብኚ ሆኜ አረፍኩት።

በመጀመሪያ አንድ የድሮ አዳራሽ ሄድን። ከአንድ ዘር የሚወለዱ ሰዎች ከየገጠሩ አዋጥተው የሠሩት ነው፤ ልጆቻቸው ለፈተና ወደ ከተማ ሲመጡ እንዲያርፉበት። የጣሪያው አናት ከዳር እስከ ዳር በሸክላ በተሠሩ ሰዎች የተሞላ ነው። አባቴ አንገቱን እንደ ዶሮ ሰበር አድርጎ በአንድ ዓይኑ ወደ ላይ አንጋጠጠ።

"ምን አለ ላዩ ላይ?"

"ሰዎች ናቸው።"

"ምን ይሠራሉ?"

"እኔ እንጃ አባ። ይዋጋሉ፤ ይሸጣሉ። አንዱ ወፍ ይዟል። አንዷ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ታያለች።"

"መጋረጃው ምን ዓይነት ነው?"

ሰለቸኝ። የዓይኑን ሥራ እየሠራሁለት መሆኑን አላወቅሁም፤ ሲያረጅ ወሬ መውደድ የጀመረ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወደ በሩ ሄዶ የተቀረጸውን እንጨት በጣቱ ይዳስስ ጀመር። ዘበኛው ፊሽካ ነፋ። "አባ፣ በእጅ አይነካም!" ብዬ ጎተትኩት። ስንወጣ "እኛም ከወሎ ስንመጣ እንዲህ ያለ ቤት ቢኖረን እህል በረንዳ ጆንያ ላይ ባላደርን" አለኝ። ጆንያ ላይ ማደሩን ከዚያ ቀን በፊት ነግሮኝ አያውቅም።

ማታ እናቴ ደወለች።

"ዛሬ ምን ገዛችሁ?"

"ምንም። የድሮ አዳራሽ አየን።"

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ለብቻው የሚወጣበት ሰዓት አለ?"

የጠረጠረችው ሁለተኛ ሚስት ነበር። ቀኑን ሙሉ ከእጄ አልተለየም ብላት እንኳ ልቧ አላረፈም።

በማግስቱ የድሮው ሰፈር ገባን። እዚያ ፎቆቹ ከላይ ወደ መንገዱ ወጣ ብለው ተሠርተዋል፤ ከሥራቸው በዓምድ የተያዘ ረጅም በረንዳ አለ፤ ሰው ፀሐይም ዝናብም ሳይነካው ሱቅ ለሱቅ ይሄዳል። የደረቀ እንጉዳይ፣ የደረቀ ዓሣ፣ የጠቆረ የብርቱካን ልጣጭ፣ ስሙን የማላውቀው ሥራ ሥር በጆንያ በጆንያ ተደርድሯል። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሳበው። "ይሄማ በርበሬ በረንዳ ነው! በርበሬው ብቻ ነው የቀረው" አለ። ጠጋ ብሎ አንዱን ጆንያ ሲያሸት አስነጠሰው፤ ባለ ሱቋ አሮጊት ሳቀችበት፤ እሱም ሳቀ። የልጣጭ ቁራጭ በእጁ አስያዘችው። ኪሱ ውስጥ ከተታት።

ከዚያ ባቡር ይዘን ወደ አዲሱ ከተማ ተሻገርን። ባቡሩ ሹፌር የለውም። "ረዳትስ?" አለኝ። "ረዳትም የለው" ስለው በጣም አዘነ። ከመሬት በታች ወደ ላይ ስንወጣ ዙሪያችን መስታወት ነበር፤ ጫፉ የማይታይ ሕንፃ በሕንፃ ላይ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ወገቡ የጠበበ ማማ። ሌላው ሰው ፎቶ ያነሳል። አባቴ ቆሞ "ይሄ ሁሉ መስኮት! ደግሞ አንዱም መጋረጃ የለው" አለ። ከልቡ ነው የተቆጨው።

ደረጃ ስንወርድ እጁን ትከሻዬ ላይ ያደርግ ነበር። ስንወጣ አያደርግም፤ ስንወርድ ብቻ። ፍቅር መሰለኝ። ፍቅርም ነበር መቼስ፤ ግን ደረጃው አይታየውም።

ማማው ላይ ለመውጣት የሄድንበት ቀን ሰማዩ ዝቅ ብሎ ነበር። ቲኬት ሻጯ ወደ ላይ አመልክታ እጇን እያወዛወዘች የሆነ ነገር ነገረችን። "ዛሬ ጥሩ አይደለም ነው የምትለው፣ ነገ እንምጣ" አልኩት። "ነገን ማን አየው" አለና ገባ። እኔ ስለ ብሩ ነበር የማስበው።

ሊፍቱ ጆሯችንን እየደፈነ ወሰደን። ከዚያ ወደ ውጪ የሚያስወጣ በር ነበር፤ ወጣን። ጭጋግ ውስጥ ነበርን። ከተማው የለም፤ ወንዙ የለም፤ ጥቂት እርምጃ ርቀው የቆሙት ሰዎች እንኳ እንደ ጥላ ናቸው። ነፋሱ እርጥብ ነው፣ ፊት ላይ ይለጠፋል። የብረት አጥሩ ውኃ ያንጠባጥባል። እኔ ስልኬን አውጥቼ ነጭ ነገር ፎቶ ለማንሳት እታገል ነበር።

አባቴ ቀድሞኝ ሄዶ አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ፊቱን ወደ ውጪ አድርጓል። ራሱን በቀስታ ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ፣ መልሶ ወደ ግራ። ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። እንደገና አየ። ከዚያ መንቀሳቀስ ተወ። ትከሻው ሲወርድ አይቻለሁ፤ ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት።

"ልጄ" አለኝ፣ ሳይዞር። ድምፁ ቀጥ ያለ ነበር፣ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው። "ከዚህ ሆኖ ምን ምን ይታያል?"

"ምን ይታያል አባ! ምንም! ያን ሁሉ ገንዘብ ለጭጋግ ከፍለን መጣን እኮ።"

ዞረ። ፊቱን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

"አንቺም አይታይሽም?"

"እኔን ብቻ መሰለህ? ለማንም አይታይም። አፍንጫዬ ራሱ አልታየኝም።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ።"

አጥሩን እንደያዘ ቁልቁል ተንሸራቶ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠ። "አልሐምዱሊላህ" አለ። ደጋገመው። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እያለቀሰ ነው ብዬ ጎንበስ ስል ይስቃል፤ እየሳቀ ነው ብዬ ሳየው እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል። አንዲት ቻይናዊት ወጣት መጥታ ሶፍት ሰጠችው። ከፍታው ያስፈራው መስሏት ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

ሁሉንም የነገረኝ እዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነው። ቀኝ ዓይኑን፣ ግራ ዓይኑን፣ ሐኪሙን፣ ጠብታዋን። ከበሩ ወጥቶ ያን ነጭ ነገር ሲያይ "መጣ" ብሎ ነበር። ቀኑ ዛሬ ነው፣ ቻይና አገር ማማ ላይ ነው የጠፋብኝ፣ ልጄን እንዴት ብዬ ልንገራት ብሎ አጥሩን ይዞ ሲያስብ ነበር። እኔን ግን የጠየቀኝ ከዚያ ሆኖ ምን እንደሚታይ ብቻ ነው። በቅጡ ባልመልስለት፣ ብስቅ፣ "ያ የሚያምረው ወንዝ አይታይህም?" ብዬ ብቀልድበት ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ። ያን ጊዜ ቀልደኛ ነበርኩ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀሚሴ ረጠበ።

"ለእናትሽ እኔ ራሴ እነግራታለሁ" አለኝ። "እስከዚያው አታዋርጂኝ።"

"ማን ያዋርድሃል አባ?"

"አንቺ። 'ቀስ በል፣ ቀስ በል' እያልሽ።"

እሺ አልኩት። ስንወርድ ቀስ በል አላልኩትም፤ ትከሻዬን ብቻ ሰጠሁት። ያን ቀን ተጨማሪ ቦታ አልሄድንም። ሆቴል ገብቼ ሻወሩን ከፍቼ አለቀስኩ፣ ድምፁ እንዳይሰማው።

ዚያራው ከዚያ በኋላ ነበር። ከሕንፃዎቹ መሐል፣ አውቶቡስ ከሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ አንድ የድንጋይ በር አለ፤ ስትገቡ የመኪናው ድምፅ ወደ ኋላ ይቀራል። ቀርከሃ፣ ሽበት የመሰለ ሻጋታ ያበቀሉ አሮጌ መቃብሮች፣ የረጠበ ቅጠል ሽታ። የሶሃባው ማረፊያ ትንሽ ቤት ናት፣ ጣሪያዋ ጉልላት። በዚህ በኩል ጉልላቱ፣ ከግንቡ በላይ ደግሞ መስታወት ፎቅ አብረው ይታያሉ። ይህን ነገርኩት። አሁን ሳልጠየቅ ነበር የምነግረው፤ የግንቡን ቀለም፣ የቀርከሃውን ቁመት፣ በሩ ላይ ያለውን ዐረብኛና ቻይንኛ። እሱም አንገቱን ሰበር እያደረገ በቀረችው ዓይኑ የነገርኩትን አንድ በአንድ ይፈልገዋል። ሲያገኘው "አዎ" ይላል።

ጠባቂው ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። አባቴ ከፋዩን ዘርግቶ አሳያቸው፤ ወደ መቃብሩ አመለከተ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንዲህ ያለ ልማድ የላቸውም። አባቴ ደረቱን መታ አድርጎ "ሐበሻ" አላቸው። አልገባቸውም። በእጁ መርከብ እየቀዘፈ፣ ባሕር እያሻገረ፣ ወደ መቃብሩ እያመለከተ ደገመላቸው። እኔ አፍሬ ዞር አልኩ። ዞሬ ሳይ ሽማግሌው ከፋዩን ተቀብለው ሁለት ጣታቸው መሐል አሸት አሸት ያደርጉታል። ጽሑፉን አዩት፣ አባቴን አዩት፣ ሳቁ። መቃብሩ ላይ ግን አላለበሱትም። በሥርዓት አጥፈው መስገጃዎቹ ከሚቀመጡበት መደርደሪያ ላይ፣ ከሁሉም በላይ አኖሩት። አባቴ የሚከፋ መስሎኝ ነበር። "ቦታ አገኘ" አለ።

ውስጥ ገብተን ቁርአን ሲቀራ ጉልላቱ ድምፁን ተቀብሎ ይመልሰዋል። አንድ ሰው ይቀራል፣ ብዙ ሰው ይሰማል። የአባቴ ድምፅ ወፍራም ነው፣ ሱቅ ውስጥ ሲጣራ ማዶ ተራ ይሰማል፤ እዚያ ግን ዝቅ አድርጎ ነበር የቀራው። ሲመለስለት ትንሽ ይጠብቀዋል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ሲወጣ ጠየቅሁት።

"ለዓይንህ ለመንክ?"

"ለዓይኔማ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮኛል። ያየሁት እንዳይጠፋኝ ነው የለመንኩት።"

በቀሩት ቀናት ሥራ ሠራን። ጣት የማያውቀው አንድ ነገር ቀለም ነው። ጨርቁን እያሸ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይልና "ምን ዓይነት አረንጓዴ?" ይለኛል። "የጎመን" እለዋለሁ። "የበሰለ ነው ያልበሰለ?" ይላል። ነጋዴዎቹ በዋጋ የምንማከር መስሏቸው ሳይጠየቁ ይቀንሱልን ነበር። ሥራ ፍለጋዬም እዚያ አበቃ።

እናቴ ሲነገራት መጀመሪያ አለቀሰች፤ ከዚያ "እኔ እኮ ሚስት ሊያገባ ነው ብዬ!" ብላ ሳቀች፤ ከዚያ እንደገና አለቀሰች። ግራ ዓይኑ ከተባለው በላይ ቆየለት፤ በመጨረሻ ግን እሱም ሄደ። አባቴ ሱቁን አልተወም። ጠዋት ጠዋት ከቤታችን እስከ ሱቁ በእግር እንሄዳለን፤ እጁ ትከሻዬ ላይ ነው። መርካቶ ያኔ የቆርቆሮ ሱቆቹን እያፈረሰ ፎቅ የሚያወጣበት ጊዜ ነበርና "ዛሬ ምን ይታያል?" ይለኛል። የማን ቤት እንደፈረሰ፣ የማን ሕንፃ ስንተኛ ወለል እንደደረሰ፣ መስታወቱ ምን ቀለም እንደሆነ እነግረዋለሁ። ሱቅ ሲደርስ ለሰው ይነግራል። አንዳንዱ አባቴ ማየት እንዳቆመ የሰማው ከዓመት በኋላ ነው።

አንድ የክረምት ጠዋት ከእንጦጦ የወረደው ጭጋግ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። "ዛሬ ምን ይታያል?" አለኝ። "ምንም አይታይም አባ፣ ጭጋግ ነው" አልኩት። መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ጋሪ የሚገፋው ሰውዬ እየጮኸብን ነው።

"አንቺም አይታይሽም?"

"እኔም አይታየኝም።"

ያን ቀን ሱቅ እስክንደርስ ይስቅ ነበር።

በመጨረሻው ዓመት ጉልበቱ ደከመ። ደከመህ ወይ ሲባል አይወድም፤ እናርፍ ቢሉት ጭራሽ ይፈጥናል። መንገዳችን መሐል ያልተከፈተ ሱቅ አለ፣ ደረጃ ያለው። እዚያ ስንደርስ ትንፋሹ ሲያጥር እሰማለሁ። "አባ፣ እንቁም፤ ጭጋግ ነው፣ ምንም አይታየኝም" እለዋለሁ። በበጋ ነበር የምለው፣ ጠራራ ፀሐይ ፊቱ ላይ እያረፈች። ፊቱን ወደ ሙቀቱ ቀና ያደርግና በእጁ ደረጃውን ፈልጎ ይቀመጣል።

"እንግዲያው እስኪገለጥ ቁጭ እንበል" ይለኝ ነበር።